የ1946ቱ ሞተር፦ አንድ አሮጌ ኮንቲኔንታል ፈትተን ስንገጥም

ጠዋት የአውሮፕላኗ ሞተር ሲነሳ የዘይት ግፊቱ 35 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይላል። አንድ ሰዓት በርራ ስትመለስ፣ ሞተሩ መሬት ላይ በዝግታ ሲዞር፣ መርፌዋ 10 ላይ ወርዳ ትንቀጠቀጣለች። ባለቤቱ «ዘይቱ በሙቀት ቀጥኖ ነው» እያለ ሁለት ዓመት አብሯት ኖሯል። እኔ የተጠራሁት የዘይት ወንፊቷን አውጥቶ ያየ ቀን ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አራገፍናት። እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ ስስ ነገር ወረደ። ማግኔት አስጠጋሁበት። ግማሹ ዘሎ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ፤ ግማሹ ባለበት ቀረ።

ያልተነሳው አሉሚኒየም ነው። በነዚህ ኮንቲኔንታሎች ላይ የፒስተን ፒን ጫፍና ጫፉ የአሉሚኒየም መሸፈኛ አለው። እሱ እየተፋቀ ሲሄድ እንዲህ ያለ ነገር ይጥላል። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈው ግን ብረት ነው። ብረት የሚመጣው ከኮሎ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ)፣ ከካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ)፣ ከጥርስ ወይም ከፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው። ባለቤቱ፣ ሽማግሌው፣ ፊቴን አየና «እንዴት ነው?» አለኝ። «ሞተሩ ይወርዳል» አልኩት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ስለራሴ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ቮልስ ብቻ በሚሠራ ጋራዥ ነው። ጋሼ ከምላቸው ባለሙያ ሥር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቁልፍ በማቀበል ጀምሬ ሙሉ ሞተር እስከመግጠም ደረስኩ። በዲቪ አሜሪካ ስመጣ የአውሮፕላን ጥገና ትምህርት ቤት ገባሁና ፈቃዴን ያዝኩ። በሥራ ቀን ትላልቅ ጄቶች ላይ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ግን አርባ ደቂቃ ነድቼ አንዲት የሣር ሜዳ ማረፊያ እሄዳለሁ። ሽማግሌው እዚያ የ1946 ኤሮንካ ቻምፕ አለው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።) ኦሃዮ፣ ሚድልታውን የተሠራች፣ በሸራ የተለበጠች፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ የምታስቀምጥ አውሮፕላን ናት። ሞተሯ ኮንቲኔንታል ኤ-65 ይባላል። ፋብሪካው ሚሺጋን፣ መስኪገን ነው። ፓይፐር ከብም፣ ቴይለርክራፍትም፣ ሉስኮምብም ላይ ይኸው ሞተር ተገጥሟል።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን የድሮ ጎረቤት ያገኘሁ ያህል ነው የተሰማኝ። አራት ሲሊንደር፣ ሁለቱ በዚህ ሁለቱ በዚያ ተኝተው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ቮልስ ነው በቃ። ቀረብ ብዬ ሳጠናው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ስፋቱ 171 ኪዩቢክ ኢንች ነው፤ በኛ 2.8 ሊትር። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው 65 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፣ ያውም በደቂቃ 2300 ዙር። 1.3 ሊትሯ ቮልስ ከዚያ ብዙ ፈጥና ትዞራለች። ምክንያቱ ፕሮፔለሩ ነው። በቀጥታ ኮሎው ላይ ይታሰራል፤ ፕሮፔለር ደግሞ ቀስ ብሎ ሲዞር ነው አየሩን ጨብጦ የሚይዘው። ስለዚህ ሞተሩን ትልቅና የተረጋጋ አድርገው ሠሩት። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ፣ ለሁለቱ ካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ሁለት የተለያዩ ማግኔቶዎች አሉት። ባትሪ የለውም። ሞተሪኖ የለውም። የሚነሳው ፕሮፔለሩን በእጅ መትተው ነው።

የምጽፈው በጋራዥ ቋንቋ ነው። ኮሎ፣ ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው)፣ ብሮንዚና (ኮሎው የሚዞርበት ማረፊያ)፣ ፋሻ፣ ቴስታታ (የሲሊንደር ራስ)። ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ቃል አሜሪካም ተከትሎኝ መጥቷል። መመሪያውን በእንግሊዝኛ አነባለሁ፤ እጄ ግን የሚያስበው በዚህ ነው።

ሞተር ከማውረዳችሁ በፊት የሞቀውን ሞተር ፈትኑ። ከየሲሊንደሩ አንድ ካንዴላ አውጥታችሁ፣ ፒስተኑን ጫፍ ላይ አድርሳችሁ፣ 80 ፒኤስአይ አየር ታስገባላችሁ። አንዱ ጌጅ የሚገባውን ያሳያል፤ ሁለተኛው ውስጥ የቀረውን። ፕሮፔለሩን የሚይዝ ጠንካራ ሰው ያስፈልጋል፤ አየሩ ፒስተኑን ገፍቶ በድንገት ሊያዞረው ይችላል። የኛ ውጤት 74፣ 71፣ 46፣ 72 ሆነ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ዝም አትበሉ። ጆሯችሁን አቅርቡ። በጭስ ማውጫው በኩል ካፏጨ የጭስ ቫልቩ ነው። በካርቡሬተሩ በኩል ካፏጨ የመግቢያው ቫልቭ። ዘይት በሚሞላበት አፍ ከተነፈሰ ፋሻው ነው። የኛ ሦስተኛው በጭስ ማውጫው ነበር የሚያፏጨው።

የሞተሩን የታሪክ መዝገብም ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። እኔና ሽማግሌው አንድ ሙሉ ከሰዓት አነበብን። የመጨረሻው ሙሉ እድሳት 1971 ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራው 640 ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓቱን ሲያዩት ገና ወጣት ነው። ግን ዝም ብሎ የቆመባቸው ዓመታት አሉ፤ የቆመ ሞተር ውስጥ እርጥበት ይገባል፣ ዘይቱ ከብረቱ ላይ ይወርዳል፣ ዝገት ይጀምራል። አንድ ሌላ መስመርም አገኘን፦ በ1958 «ፕሮፔለር ተቀይሯል» ይላል። ለምን እንደተቀየረ አልተጻፈም። ጣቴን አሳርፌበት ለሽማግሌው አሳየሁት። በዚያን ሰዓት ሁለታችንም ብዙ አላሰብንበትም።

እሱ ግን አንድ ስህተት ሠርቶ ጠበቀኝ። ደስ ብሎት አዲስ ፋሻ፣ አዲስ ብሮንዚና፣ ሙሉ የጋርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ስብስብ ገዝቶ ነበር። እባካችሁ ሞተሩ ሳይፈታ ዕቃ አትግዙ። ኮሎው ሬቲፊካ ከገባ፣ ማለትም በማሽን ከተፋቀ፣ ብሮንዚናው መጠኑ ይለወጣል። ሲሊንደሩ ከሰፋ ፒስተኑም ፋሻውም ይለወጣል። መጀመሪያ ኮሎውንና ካርተሩን (የሞተሩን ቤት) አስመርምሩ። ውዶቹ እነሱ ናቸው። እነሱ ካለፉ ሌላው ይከተላል፤ ካላለፉ ወጪውን እንደገና ቁጭ ብላችሁ ታሰላላችሁ።

ሞተሩ ወረደ። አብሮን አንድ የባሕር ዳር ልጅ ነበር፤ የጥገና ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ገና የመጀመሪያው ሲሊንደር እንደወጣ ልጁ ብሩሽና ባልዲ ይዞ መጣ። የሁላችንም እጅ ወደ ባልዲው ነው የሚሮጠው። «ቆይ፣ አትጠበው» አልኩት። ቆሻሻው ምስክር ነው። ከታጠበ በኋላ የት ይፈስ እንደነበር፣ የቱ ጋ እንደጋለ፣ ዘይቱ የት እንደረጋ የሚነግራችሁ የለም። ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ዕቃ በየሲሊንደሩ ቁጥር ከረጢት ውስጥ አስገቡ። ቁጥሩን ደግሞ ከኮንቲኔንታል መመሪያ ውሰዱ፦ አንደኛው ከአብራሪው በስተቀኝ፣ ከኋላ ያለው ነው። ላይካሚንግ የሚባለውን ሌላ ሞተር የለመደ ሰው አንድን ከፊት ይጀምራል፤ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ተምታቶበታል።

ሳይታጠብ ያየነው የመጀመሪያ ነገር ቀለም ነው። የሲሊንደሩ እግር ካርተሩ ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ ከዳዶዎቹ ሥርም ጭምር፣ የሚያምር ግራጫ ቀለም ተቀብቷል። በ1971 የሠራው ሰው ሞተሩ እንዲያምር ብሎ ነው። ቀለም ግን ለስላሳ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ የሚጠብቀው ቀለሙ ላይ ነው። ሞተሩ እየሞቀ ሲቀዘቅዝ ቀለሙ ይታመቃል፤ ዳዶው አንድም ዙር ሳይፈታ ይላላል። የላላ ሲሊንደር ቡሎኖቹን እያደከመ ይበጥሳቸዋል። ሲሊንደር በአየር ላይ የተነቀለባቸው አውሮፕላኖች አሉ። የኛው ሁለት ቡሎን ላይ የመሳሳት ምልክት ነበረው። አራቱንም እግር እስከ ባዶ ብረቱ ፋቅናቸው። ቀለም የምትቀቡ ከሆነ እነዚህን ቦታዎች ሸፍናችሁ ቀቡ።

ከዚያ ካርተሩ ተከፈተ። ብረቱ ከየት እንደሚመጣ ወዲያው ታየ። ካምሻፍቱ በኮንቲኔንታል ላይ ከኮሎው ሥር ነው። ካምሻፍቱ የሚገፋቸው ታፔቶች ሁለቱ ፊታቸው ላይ መርፌ የወጋቸው የመሰሉ ጉድጓዶች አሉ። ጥፍሬን ሳስኬድበት ይይዘኛል። ዝገት የጀመረውን ጫና ጨርሶታል። ካምሻፍቱም የነሱ ጓደኛ የሆኑት ጉብታዎች ላይ ተበልቷል። ታፔት ብቻ ወይም ካምሻፍት ብቻ አትቀይሩ። የተበላው አዲሱን ይበላዋል። የኛን ሁለቱንም ልከን አስፈጭተን፣ ፊታቸው አዲስ ሆኖ መጣ።

ኮሎው ለዓይን ንጹሕ ነበር። በማይክሮሜትር ለካነው፤ ሁሉም ቦታ መመሪያው ከሚፈቅደው ውስጥ ነው። ሽማግሌው እፎይ አለ። እኔም ልቤ ተከፈለ፤ «ይበቃዋል» ማለት ዳዳኝ። ግን ለማግኔት ምርመራ ላክነው። እዚያ የሚያደርጉት እንዲህ ነው፦ ኮሎውን ማግኔት ያደርጉታል፤ ጥቃቅን የብረት ብናኝ ያለበት የሚያበራ ፈሳሽ ያፈሱበታል፤ መብራት አጥፍተው በአልትራቫዮሌት ያዩታል። ስንጥቅ ካለ ብናኙ እዚያ ይሰበሰባል። በአራተኛው ቀን ደወሉና ፎቶ ላኩልኝ። ጥቁር ፎቶ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ክር ትታያለች፤ ርዝመቷ የአውራ ጣቴን ጥፍር አታህልም። ያለችው ሾጠጥ ባለው የኮሎ ጫፍ ላይ፣ የፕሮፔለሩን ሃብ (ፕሮፔለሩ የሚታሰርበትን እምብርት) ከኮሎው ጋር የምትይዘው ትንሽ ብረት፣ ቁልፏ፣ ከምትገባበት ቦይ ማዕዘን ነው።

ይህ ቦታ በነዚህ ሾጣጣ ኮሎዎች ላይ የታወቀ ደካማ ቦታ ነው። የሃቡ ዳዶ ሲላላ ሃቡ ኮሎው ላይ መላወስ ይጀምራል፤ ጫናው ሁሉ የቦይዋ ማዕዘን ላይ ይከማቻል። ፕሮፔለር መሬት ሲመታም የሚጎዳው እዚያው ነው። የ1958ቱ መስመር ትዝ አለኝ። ያ ይሁን አይሁን ማረጋገጥ አልችልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ምክንያቱ ያልተጻፈ የፕሮፔለር ለውጥ መዝገብ ላይ ካየሁ ኮሎውን ሳላስመረምር አልቀመጥም።

ማታ ለጋሼ ደወልኩ። አዲስ አበባ ነግቷል።

«ጋሼ፣ ኮሎው ስንጥቅ ወጣበት።»

«የቱ ጋ?»

«ጫፉ ላይ። ቁልፏ የምትገባበት ማዕዘን።»

«ዓይን ያየዋል?»

«አያየውም። በማግኔት ነው የተገኘው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲያ አምላክህን አመስግን። ቮልስ ሲሰበር መንገድ ዳር ይቆማል ልጄ። የናንተው የት ይቆማል?»

ስንጥቅ ያለበት ኮሎ አይበየድም፣ አይታከምም። ይጣላል። ለዚህ ሞተር አዲስ ኮሎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ያለው አማራጭ ያገለገለ ሆኖ ምርመራ ያለፈ ነው። አንድ ወር ተኩል ፈለግን። የምትገዙት ኮሎ ከፈቃድ ካለው የጥገና ድርጅት የተፈረመ ወረቀት ይኑረው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ኮሎው ላይ ከተመታው ጋር ይመሳሰል። «እኔ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚል ሻጭ ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል። እኔም የኛን አይቼው ደህና ነበር። ከጠቅላላ ወጪያችን ሲሶው የሄደው ለዚህ ኮሎ ነው። ሽማግሌው ሲከፍል አንድም ቃል አላጉረመረመም። የተሰነጠቀውን ወስዶ በእጁ መጋዝ ለሁለት ቆረጠው፤ ሌላ ሰው አግኝቶ እንዳይገጥመው።

ሲሊንደሮቹን ሌላ ቤት ላክናቸው። ሦስተኛው የጭስ ቫልቩ መቀመጫ ተቃጥሏል፤ ቫልቩ የሚንሸራተትበት ቱቦም አፉ ሰፍቷል። ይህ ሞተር ሲሠራ የታሰበለት ቤንዚን 73 ኦክቴን ነው። ዛሬ በየማረፊያው የሚሸጠው 100 ኤልኤል ነው፤ ድሮ ከነበረው 80 ኦክቴን ጋር ሲነጻጸር እስከ አራት እጥፍ እርሳስ ሊይዝ ይችላል። እርሳሱ በቫልቩ ግንድ ላይ ይጋገራል፤ ታች ያሉትን ካንዴላዎች በትንንሽ እንክብሎች ይሞላቸዋል። መሬት ላይ በዝግታ ለረጅም ጊዜ የሚሽከረከር ሞተር ላይ ይብሳል፤ ስለዚህ ሞተር አስነስታችሁ ወሬ አታውሩ።

ሲሊንደሮቹ ሲመለሱ ደስ የሚሉ ነበሩ። ሁለቱ ላይ ግን ብርቱካናማ ቀለም ተቀብቷል። ይህ ቀለም ጌጥ አይምሰላችሁ። ብርቱካናማ ማለት የውስጥ ግድግዳው በክሮም ተለብጧል ማለት ነው። ሰማያዊ ናይትራይድ የተደረገ፣ ማለትም ገጹ በናይትሮጅን የጠነከረ ነው። አረንጓዴ 10 ሺኛ ኢንች የሰፋ ብረት ነው፤ ቢጫ 20 ሺኛ። አብሮ የመጣውን የፋሻ ሳጥን ከፈትኩ። የአራቱም ፋሻ ፊቱ ክሮም ነው። ክሮም በክሮም ላይ አይገጥምም። አንዱ ከአንዱ መፋቀቅ አለበት፤ ሁለቱም እኩል ጠንካራ ከሆኑ ፋሻው ቦታውን አይይዝም፣ ሞተሩም ዘይት ሲጠጣ ይኖራል። ለክሮም ሲሊንደር ተራ የብረት ፋሻ ነው የሚገባው። ደወልኩ። የመለሰልኝ ሰው «ለአራቱም አንድ ዓይነት ነው የምንልከው» አለኝ። መመሪያውን ገጽ ጠቅሼ መልሼ ላክሁ። ሦስት ሳምንት ጠፋ። ሳጥኑን ሳልከፍት ብገጥመው ኖሮ የሚጠፋው ሞተሩ ነበር።

ፋሻውን እያንዳንዱን ሲሊንደሩ ውስጥ ብቻውን አስገብታችሁ የጫፎቹን ክፍተት ለኩ። ክፍተቱ ከጠበበ ፋሻው ሲሞቅ ጫፍና ጫፉ ይጋጫል፤ ከዚያ ይሰበራል ወይ ግድግዳውን ይቧጭራል። የኛ አንዱ ጠቦ ነበር። በቀጭን ሞረድ አንድ ሁለት ጊዜ ነካ አድርገን፣ እንደገና ለካን። ምልክት ያለበት ፊት ወደ ላይ ነው።

ስለ መለካት አንድ የምወደውን ዘዴ ልንገራችሁ። እኔ እለካለሁ፤ ልጁ ይጽፋል። ከዚያ እሱ ይለካል፤ እኔ እጽፋለሁ፤ የኔን ቁጥር አያየውም። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ወረቀት እናስተያያለን። መመሪያው ውስጥ ያለው ሠንጠረዥ ሁለት ዓምድ አለው፦ ለአዲስ ዕቃ የሚፈቀደውና ለሚሠራ ሞተር የሚፈቀደው የመጨረሻ ወሰን። ለእድሳት ስትሠሩ በተቻለ መጠን ወደ መጀመሪያው ዓምድ ተጠጉ። የመጨረሻው ወሰን ላይ ያለ ዕቃ ዛሬ ያልፋል፤ ከመቶ ሰዓት በኋላ አያልፍም።

የዘይት ግፊቱን ምሥጢር ያገኘው ልጁ ነው። የዘይት ፖምፓው ሁለት ጥርሶች ከኋላ ባለው የአሉሚኒየም ክዳን ቤት ውስጥ ነው የሚዞሩት። መሸፈኛ ሳህኗን አንስቶ ጣቱን አስኬደባት። «ጋሼ፣ ንካት እስቲ» አለኝ። ጥርሶቹ እየታከኳት ሁለት ክብ ቦይ ሠርተውባታል። ዘይት ቀዝቃዛ ሲሆን ወፍራም ነው፤ በዚያች ቦይ አያልፍም። ሲሞቅ ቀጥኖ ወደ ኋላ ይሾልካል። ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌዋን 10 ላይ ያወረደው ይኸው ነው፤ ሰፋ ያሉት ዋና ብሮንዚናዎችም ረድተውታል። ሳህኗ ተቀየረች፤ ክፍተቱ ተለካ። ሲገጠም ፖምፓውን በቫዝሊን ሞላነው። ያ ተራው፣ ሱቅ የምትገዙት ቫዝሊን። ደረቅ ፖምፓ መጀመሪያ ሲዞር አየር ይመታል፣ ዘይት አይስብም። ቫዝሊኑ አየሩን ያስቀርና በኋላ ከዘይቱ ጋር ይቀልጣል። ግሪስ ግን አትጠቀሙ፤ አይቀልጥም፣ መንገድ ይዘጋል።

የመግጠሚያው ቀን ዓርብ ማታ ወለሉን ውኃ ረጭተን ጠረግን። ቅዳሜ ጠዋት መጥረጊያ አልነካንም፤ አቧራ እንዳይነሳ። ሁለቱ የካርተር ግማሾች የሚገናኙበት ወለል ላይ ጋርኒሲዮን የለም። በጣም ስስ ማጣበቂያና ፀጉር የምታህል የሐር ክር ናት ዘይቱን የምትይዘው። ክሯ ከቡሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል ታልፋለች፣ አትቆራረጥም። ማጣበቂያውን የምታበዙ ከሆነ ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ይጨመቃል፤ ፍርፋሪው የዘይት መንገድ ይዘጋል። ከመኪና የለመድነውን ሲሊኮን እርሱት። ክሯን የዘረጋት ሽማግሌው ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል ብዬ ሰግቼ ነበር። ትንፋሹን ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜም ሳያነሳ ዘረጋት።

ዳዶ ስታጠብቁ ቁልፉ በቅርቡ የተመረመረ ይሁን፤ ቅደም ተከተሉ መመሪያው ላይ ያለው ይሁን። ከየደረጃው በኋላ ኮሎውን በእጃችሁ አዙሩት። ትላንት በቀላሉ ዞሮ ዛሬ ከከበደ ቆም በሉ፤ በጉልበት የሚላቀቅ ነገር የለም። ሃይድሮሊክ ታፔቶቹ ዘይታቸው ወጥቶ ደረቅ ሳሉ የቫልቭ ክፍተቱ ከ0.030 እስከ 0.110 ኢንች መሆን አለበት። ቫልቭና መቀመጫ ሲታረም ይህ ይለወጣል። የኛ አንዱ ከወሰን ውጪ ወጣ፤ የመግፊያ ዘንጉን በሌላ ርዝመት ቀየርን።

ማግኔቶ ላይ ለቮልስ ሰዎች ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመተኮሻው ተራ 1-3-2-4 ነው። የቮልስ 1-4-3-2 ነው። እጃችሁ በልማድ ገመዱን ወደ ቮልስ ይወስደዋል። ሁለቱም ማግኔቶ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 30 ዲግሪ በፊት ነው የሚተኩሱት። ሁለተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። መኪና ቁልፉን ስታጠፉ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። ማግኔቶ ግን ራሱ ነው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው፤ ማጥፊያው የሚያደርገው ኃይሉን ወደ ብረቱ አካል ማፍሰስ ብቻ ነው። ስለዚህ ኃይሉን ወደ አካሉ የምትወስደው ሽቦ ከተበጠሰች ማጥፊያው «ጠፍቷል» ቢልም ማግኔቶው ሕያው ነው። ፕሮፔለሩን በእጃችሁ ትንሽ ብታንቀሳቅሱት ሊነሳና ሊቆርጣችሁ ይችላል። ፕሮፔለርን ሁልጊዜ እንደተነሳ ቁጠሩት።

ወረቀቱም የሥራው ክፍል ነው። በአሜሪካ ሕግ ኦቨርሆል የሚባለው ሞተሩ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ተመርምሮ፣ እንደአስፈላጊነቱ ተጠግኖ፣ ተገጥሞና ተፈትኖ ሲያበቃ ነው። ከዚህ አንዱ ከጎደለ በዚህ ስም መመዝገብ አይቻልም። «ዜሮ ሰዓት» የሚለው ደግሞ የሚሰጠው በፋብሪካው ወይም ፋብሪካው በፈቀደለት ብቻ ነው። እኔ ስፈርም የሞተሩ ጠቅላላ ሰዓት ይቀጥላል። አንድ ሻጭ መንደር ውስጥ የተሠራ ሞተር «ዜሮ ሰዓት ነው» ካላችሁ መዝገቡን ጠይቁ። ባለቤቱ ፈቃድ ባይኖረውም ፈቃድ ያለው ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ እየተቆጣጠረ መሥራት ይችላል፤ ሽማግሌውና ልጁ የሠሩት በዚህ ነው።

አገር ቤት በጥገና ሠርታችሁ እዚህ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። ትምህርት ቤት መግባት ብቸኛው መንገድ አይደለም። ለአንዱ ፈቃድ፣ ለአካሉ ወይም ለሞተሩ፣ የ18 ወር የተግባር ልምድ፤ ለሁለቱም አንድ ላይ የ30 ወር ልምድ በሰነድ ካረጋገጣችሁ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ለፈተና ሊያስቀምጣችሁ ይችላል። ከዚያ የጽሑፍ ፈተናዎቹ፣ የቃልና የተግባር ፈተናው አለ። ከአገር ስትወጡ ከቀጣሪያችሁ ዝርዝር የሥራ ደብዳቤ ይዛችሁ ውጡ። «በቴክኒሻንነት አገልግሏል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም፤ ምን ዓይነት አውሮፕላን፣ ምን ዓይነት ሥራ፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚለው ይጻፍበት።

ሞተሩ በተነሳበት ቀን ጅራቷን በገመድ አሠርን፤ ጎማዎቹ ፊት ሽብልቅ አደረግን። ካንዴላዎቹን ከማሰራችን በፊት ዘይት በግፊት አስገብተን በየመንገዱ መድረሱን አይተናል። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ሆኖ ፍሬኑን ያዘ። እኔ ፕሮፔለሩ ፊት ቆምኩ። ሦስተኛው ምት ላይ ማግኔቶው «ቀጭ» አለ፤ ሞተሩ ተነሳ። እኔ ያየሁት የሽማግሌውን ዓይን ነው፤ እሱ የሚያየው የዘይት መርፌዋን ነበር። በ30 ሰከንድ ውስጥ ግፊት ካልመጣ እንደሚያጠፋ ተስማምተናል። ቀና አለና አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ጥቂት ደቂቃ አዙረን አጠፋን። በባትሪ መብራት እያንዳንዱን መገጣጠሚያ አየን። አንድ የመግፊያ ዘንግ ቱቦ ላብ ያህል አንጠባጠበ፤ አስተካከልነው።

አዲስ ፋሻ የሚገጥመው በጫና ነው። የምትራሩለት መስሏችሁ ቀስ ብላችሁ ብታበሩት ትጎዱታላችሁ፤ ግድግዳው ላይ የተቃጠለ ዘይት እንደ መስታወት ይለሰልስና ፋሻው መያዣ ያጣል። ተጨማሪ ቅመም የሌለበት ንጹሕ የማዕድን ዘይት ሞላን። መሬት ላይ አላቆየንም። ሽማግሌው በሙሉ ጉልበት ተነሳ፤ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጎ አየር እያገኘች ወጣ፤ ከዚያ ማረፊያው ላይ እየተሽከረከረ አንድ ሰዓት በከፍተኛ ጉልበት በረረ። እኔና ልጁ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ድምፁን እናዳምጥ ነበር። ልጁ አንድ ቃል አልተናገረም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዓታት ዘይት ትበላ ነበር። አሥረኛው ላይ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው መስመር ባለበት ረጋ። እውነተኛ ፊልተር የሌለው፣ ወንፊት ብቻ ያለው ሞተር ስለሆነ ዘይቱን በየ25 ሰዓቱ እንቀይራለን።

ባለፈው ቅዳሜ 25 ሰዓት ሞላ። የሞቀ ሞተር ላይ ለካን፦ 78፣ 77፣ 78፣ 76። መሬት ላይ በዝግታ ሲዞር የዘይት ግፊቱ 24 ነው። ወንፊቷን አውጥቼ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፍኳት። ጥቁር ጥቁር ነገር ወረደ፤ በጥፍሬ ስጫነው ደቀቀ፣ ካርቦን ነው። ማግኔቱን አስጠጋሁ። የተነሳ ነገር የለም። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄዶ በብርሃን አገላብጦ አየው። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩበት፤ አጥፌ ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ፖስታው ከሞተሩ መዝገብ ኋላ ተለጥፏል።